የካዲ አንዲት ቃል

ማክሰኞ ጧት ነው፤ ያውም የጥቅምት፣
ዝናቡ ከባሕር ወደ ጎን እየመጣ ሲመታ ፊት።
የከዝበርት ሄድሊን፣ የካዲን በር፣ በክርኔ ገፋሁ፣
ኦክስጅኑን በእጄ፣ ቦርሳዬን በጥርሴ፣ እንደ ድመት እናት አንጠልጥዬ ገባሁ።
«ካዲ፣ እንዴት አደርክ?»
ደረቱ ያፏጫል፣ ስንጥቅ እንዳለው ዋሽንት፤
ከንፈሩ ሰማያዊ፣ ጣቱ የክረምት እንጨት።
ግን ቀና ይልና፣ ልክ እንደ ወትሮው፣
«ሻምፒዮን ነኝ» ይላል፤ ሌላ መልስ የለው።

በእኛ በደርሃም እንዲህ ነው።
ሌላው የዓለም ሕዝብ ይህን ቃል ሲሰማ
ዋንጫ ይታየዋል፣ ባንዲራ፣ የስታዲየም ማማ፤
እኛ ግን፣ ከሰል ቆፍረን ያደርን፣
«ደህና ነኝ» ለማለት እሱን መዘዝን።
ሻይ ሲቀዳልን፣ ሻምፒዮን፤
አውቶቡስ በሰዓቱ ሲደርስ፣ ሻምፒዮን፤
ጉድጓዱ ተዘግቶ፣ ሥራችን አልቆ፣ «ታዲያ እንዴት ናችሁ?» ሲሉን፣
ያው፣ ሻምፒዮን።

ከጓሮው ጥግ፣ ከአሮጌ በር በሠራው አጥር፣
ባሮ ሽንኩርት አለው፣ እንደ ንጉሥ ልጅ የሚያሳድገው በምስጢር።
ምን እንደሚያጠጣው ሚስቱ ዊኒፍሬድ እንኳ አታውቅም፤
ቢራ ነው ይላሉ፤ የበግ በጠጥ ውኃ ነው ይላሉ፤ እሱ አይናገርም።
ሌሊት በባትሪ ቀንድ አውጣ ይለቅማል፣
ሁለት እርምጃ ሄዶ፣ ቆሞ ይተነፍሳል።
ዘጠኝ ጊዜ በላ የመስከረሙን ዋንጫ፤
ዛሬ በዋንጫው ውስጥ ምስማር አለ፣ ክኒን፣ የጥፍር መቁረጫ።
ዘንድሮ ዳኛው በሜትር ለክቶ፣ እንደ ሐኪም ዳብሶ፣
ለዲንስዴል ልጅ፣ ለዚያ ኩታራ፣ ፈረደለት ጨርሶ።
ካዲ አጨበጨበ፣ እስኪያስለው ድረስ።
የማን ዘር እንደሆነ ግን እኔ አውቃለሁ፤
ችግኙን በአጥሩ ቀዳዳ ለልጁ ሲያቀብል በዓይኔ አይቻለሁ።

ደግሞ ሌላ ትርጉም አለ፣ ማንም የማይጠራው።
አባቴ ሲሞት፣ ሳንባው መስሎ ነበር የቆፈረው።
ካምፓኒው «ሲጋራ ነው» አለ፤ እናቴ ዝም አለች፤
ብዕር ስትይዝ እጇ የሚንቀጠቀጥ ሴት ነበረች።
ካዲ ነው የመጣ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣
የጽሕፈት መኪና በሕፃን ጋሪ ገፍቶ፣ በላስቲክ ከዝናብ ደብቆ።
በሁለት ጣት ጻፈ፤ ሰባት ዓመት ጻፈ፤
ጠበቆቹ ሰለቹ፣ የካምፓኒው ሹም ሞተ፣ ካዲ አላረፈ።
የአሥራ አራት መበለት ዳቦ በዚያ ጣት ተጋገረ፤
የራሱ ፎርም ግን፣ ከመሳቢያ ውስጥ፣ ቀኑ አልፎበት ቀረ።
«ለምን?» አልኩት አንዴ፣ የደም ግፊቱን ስለካ።
«ስለ ሰው መጻፍ ይቀላል» አለኝ፤ «ስለ ራስ ግን ጣት ይከብዳል ለካ።»

ማታ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። በድሮው ፍርድ ቤት
ሰይፍ ማንሣት ላቃታት ሴት ሜዳ የሚወርድላት ነው ይላል፣ ሻምፒዮን ማለት።

በኅዳር ቀበርነው።
የድሮ ጓዶቹ ጉድጓዱን አዩት፣ ሙያ እንደማይረሳ፤
«ግድግዳው ድጋፍ ይፈልጋል» አለ አንዱ፣ ድምፁን ሳያነሣ።
ዊኒፍሬድ የቀረውን ባሮ ከነሥሩ ነቀለች፣
በትልቁ ድስት ቀቅላ ለሰዉ ሁሉ አቀረበች።
ጨው ረስታለች።
ሾርባው ውኃ ውኃ ይላል፣ አፈር አፈር ይሸታል፤
«እንዴት ነው?» አለችን፣ ጭልፋዋን እንደያዘች፤ ዓይኗ ከሰው ሰው ይዞራል።
የጨው ዕቃው ከፊታችን ነበር። ማንም እጁን አልዘረጋም።
«ሻምፒዮን ነው» አልናት።
የዲንስዴል ልጅ ግን፣ አፉ እየተቃጠለ፣ ሳህኑን ዳግም ዘረጋ።